ቅርንጫፋሙ እንጉዳይ የማን ዘመድ ነው?

እንቁላል ነጋዴ ነኝ። ከሳጉሬ ገበያ እየሰበሰብኩ አሰላ ላሉ ሻይ ቤቶችና ሱቆች አከፋፍላለሁ። እንቁላል የሚሸጥ ሰው ፈሪ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ፈሪ ሰው እንቁላል መሸጥ ይስማማዋል፤ የትኛው እንደሚቀድም አላውቅም። ሚኒባሱ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ተሳፋሪ ራሱን ይይዛል፤ እኔ ካርቶኔን ነው የምይዘው። ልጆቼንም ያሳደግኩት እንዲሁ ነው። ወደ ጅረት አትሂዱ፣ ከማታውቁት ቤት አትብሉ፣ ዝናብ ሲጥል ዛፍ ሥር አትቁሙ እያልኩ።

ስለዚህ ባለፈው ክረምት ትልቋ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ ሻንጣዋን እንኳ ሳትከፍት «ጭላሎ ጫካ መሄድ አለብኝ» ስትል፣ ልቤ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። የምታጠናው ባዮሎጂ ነው። የመመረቂያ ጥናቷን በእንጉዳይ ላይ ልትሠራ ወስናለች። እለምናታለሁ፣ እቆጣለሁ፣ እሷ ቦት ጫማዋን ታጠልቃለች። ከሰዓት በኋላ ጭቃ በጭቃ ሆና ተመለሰችና፣ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግታ አንድ ነገር አስቀመጠች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እንጉዳይ ነው፣ እማዬ።»

«እንጉዳይማ ጥላ አለው። ይሄ የቁልቋል ልጅ ነው የሚመስለው።»

እውነቴን ነው። ከአንድ ግንድ ተነስቶ ወደ ላይ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ የሆነ፣ ቁመቱ ከጣት የማይበልጥ፣ እጅ ቢነካው የሚሰበር ነገር ነው። ቀለሙ ቢጫ ሆኖ ጫፍ ጫፉ ሮዝ። ባሕር ውስጥ ኮራል የሚባል ቅርንጫፋም ነገር እንዳለና ይህም በዚያው ስም እንደሚጠራ ነገረችኝ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ቁልቋል ግን አውቃለሁ።

«ወገኑ ራማሪያ ይባላል» አለች። «አንድ ወገን ማለት ብዙ ዝርያ የያዘ ቤተሰብ በይው። እዚህ ጫካ ውስጥ ምን ምን ዓይነት እንዳለ ማንም በደንብ ለይቶ አልጻፈም። እኔ ነኝ የምለየው።»

እኔ ግን ወገኑን አልሰማሁም። እኔ የሰማሁት እንጉዳይ የሚለውን ነው። ልጅ ሆኜ ጢቾ አካባቢ ስንኖር፣ ከዝናብ በኋላ የወጣውን ነጭ የጅብ ጥላ ቀቅለው የበሉ ጎረቤቶች ነበሩን። እናትየዋ ተርፋለች። ትልቋ ልጇ አልተረፈችም፤ አብረን ውሃ የምንቀዳ ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እንጉዳይ ሳይ በእግሬ እንኳ አልነካውም፤ ዞሬ ነው የማልፈው።

መከልከል እንደማልችል ሳውቅ ሕግ አወጣሁ። እንጉዳዩ ማድ ቤት አይገባም። የሚቆረጥበት ቢላዋ ለብቻው ይሆናል፤ እንዳይሳሳት ብዬ እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት። ከጫካ ስትመለስ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ እኔ አሽትቼው፣ ከዚያ ነው እንጀራ የምትነካው። በጸሎቴም ጨመርኩት። ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ «ልጄን ከእንጉዳይ» ብዬ ተናግሬ ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሲስቁ አይቻለሁ።

ከጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየች ነርስ አለች። ከከፋ ተመድባ የመጣች ናት፤ ሲስተር ነው የምንላት። አንድ ቀን ልብስ ልታሰጣ ስታልፍ፣ ልጄ በረንዳው ላይ ሰፌድ ሙሉ እንጉዳይ አስጥታ አየች።

«ውይ፣ እትዬ! እኛ አገር እንጉዳይ በቅቤ ተጠብሶ ለእንግዳ ነው የሚቀርበው እኮ።»

«እናንተ አገር እንግዳ ተመልሶ አይመጣም ማለት ነው።»

ሲስተር እስክትደክም ሳቀች። «የሚበላውን እናውቀዋለንና! ይሄን ቁልቋል ግን እኔም አልደፍረውም።»

«ሰማሽ?» አልኩ ለልጄ። «ሲስተርም አትደፍረውም።»

«እኔስ መች ልብላው አልኩ፣ እማዬ? ልለየው ነው እኮ።»

ክረምቱ ሲገፋ የተሰበሰበው በዛ። በረንዳው ላይ በከሰል ምድጃ አጠገብ ቀስ አድርገን እናደርቀዋለን። መጀመሪያ ከሩቅ ነበር የማየው፤ በኋላ ጓንት ሰጥታኝ ሰፌዱን ማዞር ጀመርኩ። አንድ ቀን ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን፣ ሁሉንም አፍስሰን መለየት ያዝን። እንዴት እንደሚለይ አላሰብንም። እንቁላል የሚለይ ሰው ቤት ውስጥ ያደገች ልጅ ናት፤ እኔ በዓይኔ እያየሁ ትልቁን ከትንሹ፣ ነጩን ከቡናማው እለያለሁ፤ እሷም ከልጅነቷ አጠገቤ ተቀምጣ የለመደችው ይህንኑ ነው። እጃችን በራሱ ሄደ። ቢጫው አንድ ክምር፣ ነጩ አንድ ክምር፣ ሮዝ ጫፍ ያለው አንድ ክምር፣ ቡናማው አንድ ክምር። እንዲህ ተቀምጠን ስንሠራ፣ ያ ሁሉ ፍርሃቴ የት እንደሄደ እንጃ፤ ስለ ዶርም ጓደኞቿ እያወራችልኝ እስቅ ነበር። ሲያልቅ አምሮ ታየን። ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ለመምህሯ ላከች።

መልሱ በድምፅ መጣ። መምህሯ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ልጄ እኔም እንድሰማ ከፍ አድርጋ ከፈተችው።

«ድካምሽን አይቻለሁ፣ ጎበዝ። ግን ማነው በቀለም ለዪ ያለሽ? አንዱ እንጉዳይ ሲወጣ ሮዝ ሆኖ፣ ሲያረጅ ቢጫ ሆኖ፣ ዝናብ ሲመታው ቡናማ ይሆናል። ሦስት ክምር ያደረግሽው አንድ ዝርያ ሊሆን ይችላል። ነጮቹ ደግሞ ጭራሽ ራማሪያ ላይሆኑ ይችላሉ። የድሮ ሊቃውንትም መጀመሪያ እንዳንቺ ነው ያደረጉት፤ ቅርንጫፍ ያለውን ሁሉ አንድ ቤት አስገቡት፤ ኋላ ቤቱ ፈረሰባቸው። የትኛው ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደተነቀለ ምልክት የለውም። የዘር ዱቄቱንም አልወሰድሽም። ግቢ ሲከፈት ይዘሽ የምትመጪው ይሄንኑ ከሆነ፣ ሌላ ርዕስ ብትወስጂ ይሻልሻል።»

ልጄ ስልኩን ዘጋች። ክምሮቹን አንድ በአንድ ሰብስባ ፌስታል ውስጥ ከተተቻቸው፤ አሁን ሁሉም ተደባለቀ።

«ሌላ ርዕስ እወስዳለሁ» አለች። «ስለ ማስተማሪያ ዘዴ የሆነ ነገር። መጠይቅ በትኖ መሰብሰብ ነው። ሁሉም የሚያደርገው እሱን ነው።»

«እሱስ ምን አለው?» አልኳት።

መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ። ጫካው ቀረ፣ ገደሉ ቀረ፣ መርዙ ቀረ። ቀይ ክር ያሰርኩበትን ቢላዋ ልጥለው አነሳሁት ሁሉ። እሷ ግን ምሳ አልበላችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። በማግስቱም እንዲሁ። የምትለው ነገር የለም፤ አታለቅስም፤ ስጠራት «አቤት» ትላለች፤ ስሰጣት ትቀበላለች። እኔ ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ። ትምህርት ያቆምኩት አምስተኛ ክፍል ነው። ማንም በግድ አላስወጣኝም፤ ቤት ውስጥ ሥራ በዛ፣ «ይበቃሻል» አሉኝ፣ እኔም ይበቃኛል አልኩ። ያን ጊዜም አላለቀስኩም። የጠየቁኝን ሁሉ «እሺ» እያልኩ ቆየሁ እንጂ። ያ «እሺ» እስካሁን ያለቀ አይመስለኝም።

አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ክረምቱን ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር፤ ስለዚህ የምማከረው ሰው አልነበረኝም። ሲስተርን ጠየቅኳት።

«እትዬ፣ ልጅቷ ሌላ ርዕስ ብትይዝም ትመረቃለች» አለችኝ። «ጥያቄው መመረቅ አይደለም። የጀመረችውን ጨርሳ ትመረቅ ወይስ ትታው ነው?»

ማታ ስጸልይ «ልጄን ከእንጉዳይ» የምለውን ተውኩት። ጠዋት ተነስቼ ብርድ ልብሷን ከላይዋ ገፈፍኩት።

«ተነሺ።»

«የት ነው?»

«ጫካ። እኔም እሄዳለሁ። እያንዳንዱን ከነዛፉ ነው የምናመጣው።»

ዞር ብላ አየችኝ። «አንቺ? እማዬ፣ አንቺ እኮ የከተማው አስፋልት ላይ እንኳ እጅሽን ተይዘሽ ነው የምትሄጅው።»

«እንግዲያውስ እጄን ትይዥኛለሽ።»

በባጃጅ እስከሚገባበት ገባን፤ ከዚያ በእግር። እኔ ሁለት ባዶ የእንቁላል ካርቶን በነጠላ አስሬ ይዣለሁ። ነገሩን ያሰብኩት እሷ ባለፈው ሁሉንም አንድ ፌስታል ውስጥ ከትታ ስለመጣች ነው፤ ግማሹ ተሰባብሮ ነበር። ጉም ወርዶ ዛፎቹ እስከ ወገባቸው ብቻ ነው የሚታዩት። መግቢያው ላይ የጫካው ጠባቂ፣ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው፣ ካፖርታቸውን ደርበው ተቀምጠዋል።

«አካም ቡልታኒ፣ አዴ» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አሉኝ። «ዛሬ ደግሞ ከእንቁላል ጋር ነው? ጫካ ውስጥ ዶሮ የለም እኮ!»

«እንጉዳይ ልንለቅም ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

ልጄን ያውቋታል። በኦሮምኛ ሲያናግሯት ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺ ልጅ ክረምቱን ሙሉ የጅብ ጥላ ስትሰበስብ ከረመች። ጅቡ መጥቶ ጥላዬን ማን ወሰደው ቢለኝ ምን ልበለው?»

«መስከረም ሲጠባ እንመልስልሃለን አሉ በሉት።»

እየሳቁ አሳለፉን፤ «ኮሶው ያለበት ጋ ያዳልጣል፣ ቀስ በሉ» ብለው ከኋላ ጮኹልን።

አዳለጠኝ። ከአንድም ሁለት ጊዜ በቂጤ ተቀምጫለሁ፤ ካርቶኖቹን ግን አልለቀቅኩም። መጀመሪያ ያገኘነው የፈረንጅ ጥድ ሥር፣ የረገፈው ቅጠል ውስጥ ነው፤ ቢጫ፣ ጥቅጥቅ ያለ። ልጄ ከሥሩ ስትቆርጠው የነካችበት ቦታ ዓይኔ እያየ አረንጓዴ ሆነ።

«ጣይው!» አልኩ ጮኬ። «ጣይው ነው የምልሽ!»

«እማዬ፣ ምልክቱ እኮ ነው! ይሄ ጥሩ ነው! ፎቶ አንሺው፣ ቶሎ!»

ፎቶውን አነሳሁ። እሷ በትንሽ ወረቀት «ፈረንጅ ጥድ፣ አረንጓዴ ሆነ» ብላ ጻፈችና እንጉዳዩን ከነወረቀቱ ካርቶኑ ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጠችው። ልክ እንደ እንቁላል ገባ። ቀጥሎ ከመንገዱ ዳር ነጭ፣ እንደ ዳንቴል ያማረ አገኘን። ከዚያ ደግሞ የወደቀ የበሰበሰ የኮሶ ግንድ ላይ፣ ሮዝ ጫፍ ያለው ትንሽና ቢጫ የሆነ ትልቅ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል። እኔ ሁለቱን ለየብቻ ነው የማስበው፤ እሷ ግን ሥራቸውን በጣቷ ቆፍራ አንድ ላይ ሲገናኝ አሳየችኝ።

እረፍት አድርገን ቆሎ ስንበላ (እጇን በያዝኩት ውሃና ሳሙና ካስታጠብኳት በኋላ ነው) ጠየቅኳት።

«በቀለም ካልሆነ፣ በመልክ ካልሆነ፣ ታዲያ ዘመዱ በምን ይታወቃል?»

«በዘሩ። በጣም ደቃቅ ዱቄት ከቅርንጫፉ ይረግፋል። የራማሪያ ቢጫ ቢጤ ነው። ነጭ ከረገፈ ዘመዱ ሌላ ነው። ከዚያ ደግሞ ላብራቶሪ አለ፤ ውስጡን የሚያነቡበት። በዚያ ሲያነቡት ብዙ ጉድ ወጣ። ቅርንጫፍ የሌለው፣ እንደ ማጥለያ ጎድጓዳ የሆነ እንጉዳይ አለ፤ ለራማሪያ የሚቀርበው እሱ ሆነ። ቁርጥ ራማሪያን የሚመስለው ነጩ ደግሞ የሩቅ ዘመድ ነው። ራማሪያ ራሱንም ከፋፍለውታል፤ ከውስጡ ወጥተው ሌላ ስም የተሰጣቸው አሉ። ገና አልተስማሙም።»

«እንግዲህ እንደ እንቁላል ነው» አልኳት። «ቅርፊቱን አይተሽ የሀበሻ ነው ትያለሽ፤ ስትሰብሪው አስኳሉ ይነግርሻል።»

«ታዲያ ይህን እያወቅሽ ያን ቀን በቀለም ስንከምር ምነው ዝም አልሽ?»

«አንቺስ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ምነው ዝም አልሽ?»

ቆሎው እስኪያንቃት ሳቀች። ከመምህሯ መልስ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

ዱቄቱ እንዲረግፍ ነፋስ የሌለበት ቦታ ያስፈልጋል። ሳሎኑ በር በር ነው፤ የእሷ ክፍል መስኮት ያፈሳል። ነፋስ የማይገባበት የእኔ መኝታ ቤት ብቻ ነው። እዚያ አስገባነው። ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ የሆነ ወረቀት አነጠፈች፤ ነጭ ዱቄት በጥቁሩ ላይ፣ ቀለም ያለው በነጩ ላይ እንዲታይ ነው። እንጉዳዮቹን በየራሳቸው አስተኝታ ሳህን ደፋችባቸው። ባሌ ደውሎ ምን አዲስ አለ ሲለኝ «እንጉዳይ ከአልጋዬ አጠገብ ተኝቷል» አልኩት። «አንቺ ነሽ የምታወሪው?» አለኝ።

ሁሉም ነጭ ቢረግፍስ? ያን ጊዜ ራማሪያ አልተገኘም ማለት ነው፤ ዝናቡም እያቆመ ነው፤ ዳግመኛ የሚሰበሰብ የለም። መጠይቅ በትኖ መሰብሰብ ነው የሚቀራት።

ጠዋት ሲስተርም ሥራ ከመግባቷ በፊት ልይ ብላ መጣች። ልጄ መጀመሪያ ያነሳችው የነጩን ሳህን ነው። ጥቁሩ ወረቀት ላይ እንደ ዱቄት ወተት ነጭ።

«ይሄ የኛ አይደለም» አለች። ከሁሉ ያማረው እሱ ነበር፤ አሳዘነኝ። ቀጥላ የፈረንጅ ጥዱን አነሳች። ነጩ ወረቀት ላይ፣ ቅርንጫፉ ባረፈበት ልክ፣ ልክ እንደ አብሽ ዱቄት ቢጫ ወርዷል። ልጄ ክንዴን ጨበጠችኝ። የኮሶዎቹ ሳህኖች ቀሩ። ትንሹ ሥር ምንም የለም። ትልቁ ሥርም ምንም የለም።

«ሞተ እንዴ?» አልኩ።

«ገና ይሆናል» አለች፤ ግን ድምፅዋ ወርዷል።

«ከፈት ዘጋ አታድርጉት» አለች ሲስተር። «ምጥ ላይ ያለችን እንዲህ አድርጋችሁ እያያችሁ ብታስቸግሯት ትወልዳለች?»

ሳህኑን ደፍተን ወጣን። ያን ቀን ሳጉሬ ገበያ አልሄድኩም። ቤቱን ሦስቴ ጠርጌ፣ መኝታ ቤቴን ግን አልነካሁም፤ አቧራ እንዳላስነሳ በእግሬ ጣቶች ጫፍ ነበር የማልፈው። በማግስቱ ስናነሳው በትልቁም በትንሹም ሥር አንድ ዓይነት ቢጫ ወርዷል። ሮዙና ቢጫው፣ እኛ ለየብቻ የከመርናቸው፣ አንድ ነበሩ።

መምህሯ ፎቶውን አይታ ወዲያው ደወለች። «አሁን ጥናት ሆነ» አለቻት። «የኮሶውን ራማሪያ ብለሽ ልትይዥው ትችያለሽ። አረንጓዴ የሚሆነው ግን ከራማሪያ ወጥተው ሌላ ስም ከተሰጣቸው ወገን ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ አትሁኚ፤ የጥያቄ ምልክት አድርጊበት። ላብራቶሪ እናየዋለን።»

እኔ ጥያቄ ምልክት ሲባል ደነገጥኩ። እኛ በተማርንበት ዘመን ጥያቄ ምልክት ማለት ስህተት ነበር። ልጄ ግን ፊቷ በርቶ ነበር። «ሊሆን ይችላል አለች፣ እማዬ! ሰምተሻታል?» አለችኝ፣ አዎ ያለቻት ያህል።

ግቢ ሲከፈት ደርቀው በየወረቀታቸው የታሸጉትን ጭኗ ላይ አድርጋ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የምትደውልልኝ ስለ ምግብና ስለ ብርድ ልብስ ብቻ አይደለም። በማይክሮስኮፕ ያየችውን ትነግረኛለች፤ የዱቄቱ እያንዳንዱ ቅንጣት ረዘም ያለ፣ ገላው ሻካራ እንደሆነ። የኮሶውን የወገን ስም ጽፈው፣ የራሱ ስም የሚገባበትን ባዶ ትተውታል፤ እስካሁን ከሚታወቁት ጋር ሲያስተያዩት ልክ የሚሆን አላገኙለትም። ጥናቷን አቅርባ ስትጨርስ መምህሯ ለሁለተኛ ዲግሪ በዚሁ እንድትቀጥል ጠየቀቻት። የሚያስፈልገው ትኩስ እንጉዳይ ነው፤ ከዚያው ግንድ፣ ከዚያው ቦታ።

«በበልጉ ዝናብ ሊወጣ ይችላል» አለችኝ በስልክ። «እኔ የሚቀረኝ ፈተና አለብኝ። እማዬ... ሲስተርን ብትልኪ?»

«ሲስተር ቦታውን መች ታውቃለች?» አልኳት።

የበልግ ዝናብ እንደጀመረ ሲስተርን አስከትዬ ሄድኩ። እጄን የያዘኝ የለም፤ እንዲያውም የእሷን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ የከተማ ጫማ አድርጋ ነው የመጣችው። ጠባቂው እየሳቁ አሳለፉን። ግንዱ ጋ ስንደርስ ተንበረከክኩ። ቅጠሉን በእንጨት ቀስ አድርጌ ገለጥኩት። ኔትዎርክ እየተቆራረጠ ልጄ ደጋግማ ትጠይቃለች፤ «ወጥቷል? አትንኪው፣ ዝም ብለሽ ንገሪኝ። ወጥቷል?»

የክብሪት ራስ የሚያክሉ፣ ጫፋቸው ሮዝ የሆነ፣ ከበሰበሰው እንጨት አንገታቸውን ያወጡ ነገሮች ተሰልፈው አየሁ። ገና ቅርንጫፍ እንኳ አልጀመሩም።

«ትንንሽ ናቸው» አልኳት። «ግን ብዙ ናቸው።»